የዕጩው ገመና ሲወጣ፦ መራጭ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ምርጫ ሲቃረብ የአንዱ ወይም የሌላው ዕጩ የድሮ ጉድ ይወጣል። አንዱ "ያለፈ ነገር ነው፣ ተዉት" ይላል። ሌላው "እንዲህ ያደረገ ሰው እንዴት ይመረጣል?" ብሎ ይቆጣል። ቡና ላይ፣ ሠርግ ላይ፣ ዋትስአፕ ላይ ክርክሩ ይጦፋል። ሁለቱም ወገን የሚሳሳትባቸው ነገሮች አሉ። ዲሲና አካባቢው ለምንኖር ሐበሾች ደግሞ ከአጠገባችን የተፈጸመ ጥሩ ማስተማሪያ አለ። ከእሱ ልጀምር። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።

ድምፅን እንደ ይቅርታ መቁጠር

ማሪዮን ባሪ የዋሽንግተን ዲሲ ከንቲባ ነበር። ጃንዋሪ 18 ቀን 1990 ሆቴል ክፍል ውስጥ ክራክ የሚባለውን የኮኬይን ዓይነት ሲያጨስ ኤፍቢአይ ያዘው። ወጥመዱን የዘረጋው ኤፍቢአይ ራሱ ነው። በቀድሞ ወዳጁ በኩል አስጠርቶ፣ ካሜራ ደብቆ ቀረጸው። ቪዲዮውን አገር ምድሩ ጉድ ብሎ አየው። ከ14 ክሶች ጥፋተኛ የተባለው በአንዱ ብቻ ነበር፤ ስድስት ወር ተፈረደበት። በ1992 ከእስር ወጣ፤ በዚያው ዓመት ዋርድ 8 የተባለው የዲሲ የምርጫ ክልል ለከተማው ምክር ቤት መረጠው። በ1994 ተመልሶ ከንቲባ ሆኖ ተመረጠ።

የመረጡት ሰዎች ሞኞች አልነበሩም። ለከተማው ወጣቶች የበጋ ሥራ ፕሮግራም ያስጀመረላቸው እሱ ነው። ብዙ የዲሲ ልጆች በሕይወታቸው የመጀመሪያውን ደመወዝ የተቀበሉት በዚያ ፕሮግራም ነው። ይህ የሚረሳ ውለታ አይደለም። "መንግሥት ጥቁር መሪ ሆን ብሎ አጠመደ" ብለው የተቆጡም ብዙ ነበሩ። ሱስ ደግሞ በሽታ ነው፤ ቤቱ የገባበት ሰው ያውቀዋል።

እስከዚህ ድረስ እረዳቸዋለሁ። ግን የ1994ቱ ዘመቻ የመውደቅና የመነሣት ታሪክ ሆነ። እኛንም እንዲህ ያለ ታሪክ ሆዳችንን ያባባዋል፤ ንስሐ የገባን ሰው መግፋት ነውር ነው ብለን ነው ያደግነው። ቢሆንም ወንድማችሁን ከልብ ይቅር ብላችሁት የእቁቡ ዳኛ ላታደርጉት ትችላላችሁ። ቂም ይዛችሁ አይደለም። የእቁቡ ገንዘብ የሰው ገንዘብ ስለሆነ ነው።

ከተማዋ ያኔ በምን ሁኔታ ላይ ነበረች? በ1995 መጀመሪያ የበጀት ጉድለቱ ከ700 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆኖ ተገኘ። ዕዳው የባሪ ብቻ አይደለም፤ ከእሱ በፊት በነበረችው ከንቲባ ጊዜም ተከማችቷል። ኮንግረስ የከተማዋን ገንዘብ የሚቆጣጠር ቦርድ አቋቋመ። በ1997 ደግሞ አብዛኛውን የከንቲባውን ሥልጣን ነጠቀው። ዛሬ ስለ ባሪ ሲወራ ግን የሚነሣው ክራኩ ነው። ስለ በጀቱ የሚያወራ የለም።

"የግል ጉዳዩ ነው" የሚለውን ሳይፈትሹ መቀበል

የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ፍራንሷ ሚተራን ከትዳሩ ውጪ የወለዳት ሴት ልጅ ነበረችው። ሕዝቡ በይፋ ያወቀው በ1994 ነው፤ ሥልጣን ከያዘ 13 ዓመት ሆኖት ነበር። ብዙ ፈረንሳዊ "ታዲያ ምን ይጠበስ?" አለ። ከሌላ ሴት መውለዱ ብቻውን ለእኔም የሚስቱ ጉዳይ ነው።

ነገር ግን ልጅቷና እናቷ ይኖሩ የነበሩት በመንግሥት ቤት፣ በመንግሥት ጥበቃ ነው። ቤተ መንግሥቱ ውስጥ የነበረው የጸጥታ ቡድን ደግሞ የጋዜጠኞችንና የጸሐፊዎችን ስልክ ይጠልፍ ነበር። ይህን ምስጢር መጠበቅ አንዱ ምክንያት ነበር። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። እንግዲህ መራጭ መጠየቅ ያለበት እዚህ ላይ ነው፦ ገመናው የተሸፈነው በማን ገንዘብ ነው? በማን ሥልጣን?

ባሪም ኋላ እዚህ ላይ ወደቀ። በ2010 የምክር ቤት አባል ሳለ የዲሲ ምክር ቤት በሙሉ ድምፅ ወቀሰው፤ የኮሚቴ ሰብሳቢነቱንም ነጠቀው። ምክንያቱ ለፍቅር ጓደኛው በከተማው ገንዘብ ኮንትራት መስጠቱ ነበር። ያኔ የግል የሚባል ነገር አልቀረም።

ድብደባና አስገድዶ መድፈር ደግሞ ከነጭራሹ "የግል" ከሚባለው ጋር አይቆጠሩም። ቤት ውስጥ ስለተፈጸመ የግል የሚሆን ወንጀል የለም።

"አመነ" ሲባል ምኑን እንዳመነ አለመጠየቅ

በ1884 ግሮቨር ክሊቭላንድ ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር፣ ሳያገባ የወለደው ልጅ አለ የሚል ዜና ወጣ። ደጋፊዎቹ ምን እንበል ቢሉት እውነቱን ተናገሩ አላቸው። ተቀናቃኙ ጄምስ ብሌይን በትዳሩ ምስጉን ነበር፤ ከባቡር ኩባንያዎች ጋር በነበረው የገንዘብ ጉዳይ ግን ይታማ ነበር። ብዙዎች በሥራው ንጹሕ የሆነው ይሻለናል ብለው ክሊቭላንድን መረጡ። አሸነፈ። መልሱም እስከ ዛሬ በቅንነት ምሳሌነት ይጠቀሳል።

ሴትዮዋስ? ማሪያ ሃልፒን ትባላለች። ልጇ ተወስዶ የሙት ልጆች ማሳደጊያ ገባ። እሷም ለአጭር ጊዜ የአእምሮ ሕሙማን ቤት ተወሰደች። በምርጫው ዋዜማ በመሐላ በሰጠችው ቃል ክሊቭላንድ በኃይል፣ ያለ ፈቃዷ እንደደረሰባት ተናገረች። እሱ ያመነው አባቱ ልሆን እችላለሁ የሚለውን ብቻ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ሰውየው ደፍሮ ተናገረ ብለን ስናጨበጭብ የተበደለችው ሴት ከታሪኩ ትወጣለች። ይቅርታ የመስጠት መብቱ የእሷ ነበር፤ መራጩ በስሟ ሰጠላት።

ለእኛ ሰው አንድ ሚዛን፣ ለእነሱ ሌላ

"የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች" የሚባለው እዚህ ይመጣል። በግል ሕይወቱ ነውር የሠራ ባለሥልጣን በሥራው ታማኝ ሊሆን ይችላል ወይ? ፒአርአርአይ የተባለ የጥናት ተቋም ይህን ጥያቄ በ2011 ሲያቀርብ ከነጭ ወንጌላውያን መካከል 30 በመቶው ይችላል አሉ። በ2016 ቁጥሩ 72 በመቶ ደረሰ። በመሃል አብዛኞቹ የሚደግፉት የሪፐብሊካን ፓርቲ ዕጩ ዶናልድ ትራምፕ ሆኖ ነበር። ዴሞክራቶቹም ከዚህ አያመልጡም፤ በ1998 ቢል ክሊንተን ከአንዲት የዋይት ሐውስ ወጣት ሠራተኛ ጋር የነበረው ግንኙነት ሲወጣ ብዙዎቹ "የግል ጉዳይ ነው" ብለው ተከላክለውለታል። እኛም "የወንዜ ልጅ ነው" ብለን ስንቱን አልፈናል።

አንድ ነገር ሞክሩ። ስሙንና ፓርቲውን ደብቃችሁ ታሪኩን ብቻ ለሌላ ሰው ንገሩት። ፍርዱን ከሰማችሁ በኋላ ስሙን ጥሩለት። ሁለት ዕጩዎችም ካሏችሁ አንዷ ሴት ብትሆን፣ በወንዱ ላይ "ድክመት ነው" ተብሎ የሚታለፈው በእሷ ላይ ምን እንደሚባል አዳምጡ።

ካለቀ በኋላ መመርመር

ጆርጅ ሳንቶስ በኖቬምበር 2022 ከኒው ዮርክ ለኮንግረስ ተመረጠ። የተማርኩበት ያለው ትምህርት ቤትም፣ ሠራሁ ያለበት መሥሪያ ቤትም ውሸት ሆኖ ተገኘ። አንድ ትንሽ የአካባቢ ጋዜጣ ከምርጫው በፊት ጥርጣሬውን ጽፎ ነበር፤ ልብ ያለው ግን ጥቂት ነው። ዲሴምበር 1 ቀን 2023 በ311 ለ114 ድምፅ ከምክር ቤቱ ተባረረ።

ቲክቶክ ላይ የተለቀቀ ወሬ ማስረጃ አይሆንም፤ ተቃዋሚው አወጣው ማለትም ሐሰት ነው ማለት አይደለም። ክስ አለ ከተባለ መዝገቡ አብዛኛውን ጊዜ ለሕዝብ ክፍት ነው። ለኮንግረስ የሚወዳደር ዕጩ ከማን ገንዘብ እንደተቀበለና በምን እንዳወጣው በፌዴራል ምርጫ ኮሚሽን ድረ ገጽ በነጻ ይታያል። የዲሲ ምርጫ ቦርድ በአማርኛም መረጃ ያቀርባል። እንግሊዝኛው የሚከብዳቸው እናትና አባቶቻችን ግን ይህን ፈልጎ የሚያነብላቸው ሰው ይፈልጋሉ። ቅዳሜ ከሰዓት ቡናው እስኪፈላ ድረስ ስልኩን ይዞ አጠገባቸው መቀመጥ ይበቃል።