ያለ ኪቦርድ ስንዘምር ድምፃችን መውረዱን ያስቆምንበት መንገድ

ችግሩ ይህ ነበር፦ በአራት ድምፅ፣ ከከፍተኛው እስከ ዝቅተኛው ሶፕራኖ፣ አልቶ፣ ቴነርና ባስ ሆነን ያለ መሣሪያ ስንዘምር፣ ከኤፍ (F) የተነሣው መዝሙር 3ኛው አዝማች ላይ ኢ (E) ሆኖ ይገኛል። ግማሽ ቶን፣ ማለትም በኪቦርዱ ላይ አንድ ቁልፍ ያህል፣ ወረደ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ባሶች ይወቀሳሉ፤ ጥፋቱ ግን የሁሉም ነው።

የሚወርድበትን ቦታ ለማግኘት በየስንኙ መጨረሻ ኪቦርዱን አንዴ መንካት ይበቃል። መዝሙሩ ትዝታ ሜጀር በሚባለው ቅኝት ነው፤ ድምፆቹ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶ፣ ላ ናቸው። ዜማው ከሶ ወደ ሚ ሲወርድ ሚ ከቦታው ዝቅ ብሎ ይያዛል። ወደ ሶ ሲመለስ ደግሞ ሶው ራሱ ይጎድላል። ጉድለቱ በየዙሩ ይጠራቀማል።

መፍትሔው፦ ባሶች አፋቸውን ገጥመው “እም” እያሉ ዶን ይያዙ። ሌሎቹ በላዩ ላይ ሶ፣ ሚ፣ ሶን “ኑ” በሚል ድምፅ፣ በዝግታ፣ 5 ጊዜ ይበሉት። ሚ ትክክለኛ ቦታዋን ስታገኝ በባሶቹ ዶ እና በሚ መካከል የሚሰማው መንቀጥቀጥ ጸጥ ይላል፤ ጆሮ ወዲያው ያውቀዋል። ግጥሙ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው፤ ቸኩሎ ማስገባት ልፋቱን ሁሉ ያበላሻል።

ትንፋሽም ድርሻ አለው። ረጅም ድምፅ ላይ አየር ያለቀበት ሰው ይወርዳል። ስለዚህ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ሰዎች የተለያየ ቦታ ላይ ይተንፍሱ፤ ቦታውንም የግጥሙ ወረቀት ላይ በእርሳስ ያመልክቱ።

አሁን የመጨረሻው አዝማች ሲያልቅ ኪቦርዱ ቢነካ ያው ኤፍ ነው።