ማታ ከከተማ ወጣ ብላችሁ ብስክሌት ለምትነዱ

ከባሕር ዳር ወይም ከሐዋሳ ትንሽ ወጣ ሲባል መንገዱ ድቅድቅ ጨለማ ነው። ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ መብራት የግድ ነው። ቀዩን ደግሞ ጃኬት ወይም ከኋላ የጫናችሁት ዕቃ እንዳይሸፍነው እዩት።

ብዙ ሰው የሚረሳው ግን ቁርጭምጭሚቱን ነው። አንጸባራቂ ቴፕ ወይም ጨርቅ እዚያ ላይ እሰሩ። ፔዳል ስትመቱ ከፍ ዝቅ ስለሚል ሾፌሩ ገና ከሩቅ «ብስክሌት ነው» ብሎ ይለያችኋል። ጀርባ ላይ ብቻ ያለ አንጸባራቂ የቆመ ነገር ሊመስለው ይችላል።

አይሱዙ ረጅም መብራቱን አብርቶ ከፊት ሲመጣባችሁ መብራቱን አትዩ። ፍጥነት ቀንሱና ዓይናችሁን በቀኝ በኩል ባለው የአስፋልት ጠርዝ ላይ አድርጉ። መኪናው ሲያልፍም ወዲያው አትፍጠኑ። ዓይን ጨለማውን መልሶ እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋል፤ መብራት የሌለው ጋሪ ወይም መሀል መንገድ የቆመ አህያ ድንገት ፊታችሁ የሚገኘው ያኔ ነው። በጣም ተጠንቀቁ!

የፊት መብራታችሁን ትንሽ ወደ መሬት ዘንበል አድርጉት። ጉድጓዱ ይታያችኋል፣ ከፊት የሚመጣውም ሰው ዓይኑን አይወጋውም። ዝናብ ከጣለ ደግሞ ውሃ የቋጠረ ቦታ ላይ አትግቡ፤ ጥልቀቱ በማታ አይታወቅም።