ረሃብን ታግሎ መጣል ይቻላል ያላችሁ ማን ነው? ክብደት ስትቀንሱ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ቀኑን ሙሉ እህል በአፌ አልዞረም፤ ታዲያ ለምን አልቀነስኩም?» ይህን ጥያቄ በሥነ ምግብ አማካሪነት በሠራሁባቸው ዓመታት ስንት ጊዜ እንደሰማሁ ቆጥሬ አልዘልቀውም። ጠያቂዎቹ አይዋሹም። ቀን አልበሉም፤ የበሉት ማታ ነው።

ከሁሉ በፊት የምቆጣበት ስህተትም ይኸው ነው፦ ረሃብን እስከ ማታ ማጠራቀም። አንዲት የባንክ ሠራተኛ ነበረች። ጠዋት ያለ ስኳር ቡና ጠጥታ ትወጣለች። ምሳ ሰዓት ላይ ባልደረቦቿ «እንብላ» ሲሏት «ጠግቤያለሁ» ትላለች። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ራሷን ያማታል፤ እሷ ግን በራሷ ትኮራለች። ማታ አንድ ሰዓት ላይ ቤት ስትደርስ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ከዳቦው ትቆርሳለች። ወጡ እስኪሞቅ በእንጀራ ጫፍ ትቀምሳለች። ልጆቿ የተዉትን «ከሚደፋ» ብላ ታነሣለች። ከዚያ ገበታ ይቀርብና ራቷን ትበላለች። በማስታወሻዋ ላይ የሰፈረው ግን ራቱ ብቻ ነበር፤ ቆሞ የተበላ አይቆጠርማ! ቁጭ ብለን ስንደምረው ቆማ የበላችው ብቻ ከዘለለችው ምሳ በልጦ ተገኘ። ሆድ ባዳ ነው፤ ቀን የታገሣችሁትን ማታ አያስብላችሁም። ምሳችሁን ብሉ። አሥር ሰዓት ላይ መክሰስ ይኑራችሁ። ወደ ቤት ስትገቡ የተራባችሁ ሁኑ እንጂ የከረመ ረሃብ ይዛችሁ አትግቡ።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ተማሪ ሳለሁ ለወንድሜ ሠርግ የተሰፋልኝ ቀሚስ እንዲገባልኝ ዘጠኝ ቀን በሎሚ ውኃና በኪያር ኖርኩ። 4 ኪሎ ቀነስኩ፤ አብዛኛው ውኃ መሆኑን ያኔ አላውቅም ነበር። ቀሚሱም ልክ ሆነ። በሠርጉ ማግስት ግን ሌሊት ወጥ ቤት ገብቼ፣ የድስቱ ክዳን እንዳይጮኽ በነጠላ ጠቅልዬ ይዤ፣ የተረፈውን ዶሮ ወጥ እንደቀዘቀዘ ጨረስኩት። ጠዋት እናቴ ድመቷን ስትረግም ዝም አልኩ።

ራሴን ሆዳም ብዬ ሰድቤ ነበር፤ ይህም ሌላ ስህተት ነው። ረሃብ የጠባይ ጉድለት አይደለም። በ2011 እ.ኤ.አ. በታተመ የአውስትራሊያ ጥናት 50 ወፍራም ሰዎች ለ10 ሳምንት በጣም አነስተኛ ካሎሪ እየበሉ ክብደት እንዲቀንሱ ተደርጎ ነበር፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ሲመረመሩ ግሬሊን የተባለው የረሃብ ሆርሞን ከመነሻው መጠን ከፍ እንዳለ ተገኘ። ሰውነት ቂመኛ ነው። ስለዚህ «በወር አሥር ኪሎ ልጣል» የሚለኝን ሰው በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ይበቃሃል እለዋለሁ። ተቀይሞኝ ይሄዳል፤ በስድስት ወሩ ይመለሳል።

ጾምን ከክብደት መቀነሻ ጋር የሚያምታቱም አሉ። የጾምን ትርጉም ለአባቶች ልተወውና እኔ ስለ ድስቱ ላውራ። ሁዳዴን 55 ቀን ጾመው፣ በፋሲካ ሚዛን ላይ ሲወጡ ጨምረው የሚገኙ ሰዎች ግራ ይገባቸዋል። ቅቤው ሲወጣ ዘይቱ ገብቶ ነዋ! አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ኪሎ ካሎሪ ገደማ አለው፤ ሽንኩርት ሲያቁላላ ዘይቱን በማንኪያ የሚለካ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። በረመዳን ማፍጠሪያ ላይ የሚደረደረው ሳምቡሳም ያው ነው። ሽንኩርቱን በውኃ አብስሉት፣ ዘይቱን ለክታችሁ ጨምሩ፤ ሽሮው አይቀየማችሁም።

መክሰስ ስላችሁ ቆሎ የምትይዙ አላችሁ። ቆሎን አልጠላም፤ ችግሩ እጅ ባለቤቱን ሳያስፈቅድ መዝገኑ ነው። 100 ግራም የገብስ ቆሎ ከ350 ኪሎ ካሎሪ በላይ ይይዛል፤ ሱፍና ኦቾሎኒ ሲገባበት ይጨምራል፤ ወሬ ከደራ ደግሞ 100 ግራም የት እንደገባ አይታወቅም። ይልቅ ንፍሮ ቀቅሉ። ሽምብራው፣ ባቄላው፣ ስንዴው ውኃ ጠጥቶ ስለሚያብጥ ሆድ የሚሞላው በውኃውም ጭምር ነው፤ ማኘክ ይጠይቃል፤ ከጥራጥሬው ፕሮቲንና ፋይበር ይገኛል። «ንፍሮ የለቅሶ ቤት ምግብ ነው» ብላ የተቆጣችኝ ሴት አለች። ድንችም ያለ ጥፋቱ ስሙ ጠፍቷል። በ1995 እ.ኤ.አ. በሲድኒ ዩኒቨርሲቲ እኩል ካሎሪ ያላቸው 38 ምግቦች በማጥገብ አቅማቸው ሲወዳደሩ አንደኛ የወጣው የተቀቀለ ድንች ነው፤ ነጭ ዳቦን ከሦስት እጥፍ በላይ በልጦታል። የተቀቀለ አልኩ እንጂ የተጠበሰ አላልኩም።

እንጀራን እርም ብሎ በዳቦ መተካት፦ ለምን? እንጀራውን ግማሽ አድርጉት፣ ምስሩንና ጎመኑን አብዙት።

ረሃብን በሻይ ማታለልም አይሆንም። በሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር የሚጠጣ ሻይ በቀን አራት ጊዜ ሲሆን 48 ግራም ስኳር ነው፤ 190 ኪሎ ካሎሪ ገደማ። በሻይ የጠገበ ሰው ደግሞ የለም። የአቮካዶ ጭማቂ ከነስኳሩማ ራሱ ምሳ ነው፤ እንደ ምሳ ቁጠሩት። የቦርጭ ማጥፊያ ተብሎ የሚሸጠው የሚያስቀምጥ ሻይ የሚያስወጣው ውኃ እንጂ ስብ አይደለም። እንቅልፍም አታጓድሉ፤ ያልተኛ ሰው ይርበዋል።

«ጨጓራ ስላለብኝ ሆዴ ባዶ መሆን የለበትም» እያሉ በየሁለት ሰዓቱ ብስኩት የሚበሉ ብዙ ናቸው። ማቃጠልና መራብ አንድ አይደሉም። የሚያቃጥላችሁ ከሆነ ተመርመሩ፤ የጨጓራ ባክቴሪያ ከተገኘባችሁ መድኃኒት አለው፤ ብስኩት ግን አይፈውሰውም። ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ክኒን የምትወስዱ የስኳር ሕመምተኞች ደግሞ ሐኪማችሁን ሳታማክሩ ምግብ እንዳትዘሉ፤ ስኳራችሁ ወርዶ ራሳችሁን ልትስቱ ትችላላችሁ። እዚህ ላይ ቀልድ የለም።

ስለ ጉርሻ የሚጠይቁኝ አሉ። እኔም አልተሳካልኝም። «አንድ ያጣላል» ብላ ሁለተኛውን ለምትጠቀልል አክስት ስለ ካሎሪ ማስረዳት ከንቱ ድካም ነው። ቢያንስ ግብዣ ቤት ተርባችሁ አትሂዱ፤ ቀስ ብላችሁም ብሉ፤ ቀድሞ የጨረሰ ሰው ይጨመርለታል።

ያቺ የባንክ ሠራተኛ ምሳዋን መብላት፣ ለአሥር ሰዓትም በመሳቢያዋ የሽምብራ ንፍሮ ማስቀመጥ ከጀመረች ወዲህ ማታ ቦርሳዋን አስቀምጣ፣ እጇን ታጥባ፣ ከልጆቿ ጋር ነው ገበታ የምትቀርበው። በስምንት ወር 11 ኪሎ ቀነሰች። ባለፈው ስትመጣ ቅሬታዋ ሌላ ነበር፦ ባልደረቦቿ ንፍሮውን ስለለመዱት ለእሷ አልተርፍ አለ። አሁን ሁለት ዕቃ ይዛ ትገባለች፤ አንዱን ደብቃ።