ድሬ ላይ በፕላስቲክ ኃይል የምናባክንባቸው ስህተቶች

ስለ ፕላስቲክና ኃይል ሲወራ ብዙ ሰው ትዝ የሚለው የፋብሪካ ቆጣሪ ነው። ብክነቱ ግን ከዚያ በፊት ይጀምራል፤ ቀፊራ ገበያ፣ ጓዳችን፣ የቆራሌው ማዳበሪያ ውስጥ።

ትልቁ ስህተት ሁሉንም አንድ ላይ መጠቅጠቅ ነው። የውሃ ሃይላንድ የሚሠራበት ፔት የሚቀልጠው 250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ክዳኑ ፖሊኢትሊን ከሆነ 130፣ ፖሊፕሮፕሊን ከሆነ ደግሞ 165 ገደማ ይበቃዋል። አብረው ቢቀልጡም አይዋሃዱም። የሚወጣው ዕቃ ቶሎ ይሰነጠቃል፣ ይጣላል፤ የተከፈለበት መብራትም አብሮ ይጣላል። መለየቱ እኮ ከባድ አይደለም። ሁለቱንም ቆራርጠው ባልዲ ውሃ ውስጥ ይጨምሯቸው። የጠርሙሱ ቁራጭ ይሰምጣል፣ የክዳኑ ይንሳፈፋል። በቃ! ይህ ዘዴ የማይሠራው ለፒቪሲ ቱቦ ስባሪ ነው፤ እሱም ይሰምጣል። በፔት ሙቀት ደግሞ ተበላሽቶ አሲድ ይለቅና ሌላውንም ይዞት ይጠፋል። እሱን አስቀድሞ በዓይን መልቀም ነው።

እርጥብ ፔት ማቅለጥም አለ። ውሃው በሙቀቱ ፕላስቲኩን ከውስጥ ይበጣጥሰዋል። ስለዚህ ፋብሪካ በማሽን ያደርቀዋል፣ ሰዓታት ይፈጃል። ታጥቦ የተፈጨውን ማሽን ከመግባቱ በፊት በስሱ ፀሐይ ላይ ማስጣት ግን የማሽኑን ሥራ ያቀላል። የድሬ ፀሐይ ለዚህ ካልሆነች ለምን ልትሆን ነው? ብቻ ፀሐይ ላይ አይረሳ። ለወራት ሜዳ ላይ የተከመረ ጀሪካን በጣት ሲጫኑት ይፈረከሳል፤ እንዲህ ከሆነ በኋላ ቢያቀልጡትም ጥንካሬው አይመለስም።

ሃይላንድ ሳይጨፈለቅ አይሱዙ ላይ ሲጫን ናፍጣው የሚነደው አየር ለማጓጓዝ ነው። ክዳኑን ፈቶ መርገጥ፣ ሌላ ምንም አይፈልግም።

ከሰል በፌስታል ማያያዝ ደግሞ የብዙ ቤት ልማድ ነው። ፌስታል የሚሠራበት ፖሊኢትሊን አንድ ኪሎው ሲነድ 45 ሜጋጁል (የኃይል መለኪያ ነው) ገደማ ሙቀት ይሰጣል፣ ከናፍጣ ብዙም አያንስ። "ይነዳል እኮ" የሚባለው ለዚህ ነው። ግን ያንን ኪሎ ለማምረት፣ ጥሬ ዕቃው የሆነው ነዳጅ ተቆጥሮ፣ ወደ 80 ሜጋጁል ወጥቷል። ግማሽ ያህሉ ከስሯል ማለት ነው። ጭሱን የምትስበው ደግሞ ምድጃው አጠገብ ያለችው እናት ናት።

የፕላስቲክ ጠርሙስ የሚነፉ ቤቶች ኮምፕረሰሩን፣ አየር የሚያምቀውን ማሽን፣ ከሌሎቹ ማሽኖች ጀርባ፣ ሙቅ ጥግ ይወትፉታል። ሙቅ አየር ስስ ነው፤ ለዚያው ሥራ ብዙ መብራት ይበላል። የአየር መሳቢያውን ወደ ጥላ ማዞር ይሻላል። የአየር ቱቦው የሚያፈስ ከሆነም ማሽኖቹ ሲቆሙ ፉጨቱ ይሰማል። ፕላስቲኩ የሚቀልጥበት የማሽኑ ክፍል ሳይሸፈን ሲቀር ደግሞ ሙቀቱ አዳራሹን ይሞላዋል። ሠራተኛው በላብ ሲጠመቅ ቬንትሌተር ይገዛለታል፤ ለማሞቂያውም ለማቀዝቀዣውም ይከፈላል።