በውርጭ ጠዋት የማያንሸራትት የግቢ መንገድ እንዴት ይሠራል?

ደብረ ብርሃንና መንዝ አካባቢ ለምትኖሩ ነገሩ አዲስ አይደለም። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ብሎ ባደረ ቁጥር መሬቱ ሙቀቱን ይለቅና ጠዋት ደጁ በአመዳይ ነጭ ሆኖ ይገኛል። ለአዛውንት ደግሞ አንዲት መንሸራተት የዳሌ አጥንት ልትሰብር ትችላለች።

በረዶ በሚከመርባቸው አገሮች ከመተላለፊያው ሥር የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ገመድ ወይም ሙቅ ውሃ የሚዞርበት ቱቦ ይቀብራሉ። ለእኛ ግን ይህን ያህል ወጪ አያስፈልግም። የእኛ አመዳይ ፀሐይ ሞቅ ስትል ይቀልጣል። ክፉው ማታ ተኝቶ የሚያድር ውሃ ነው፤ ጠዋት እንደ መስታወት የሚሆነው እሱ ነው።

ስለዚህ ከጣሪያው ጀምሩ። አሸንዳው መንገዱ ላይ የሚያፈስ ከሆነ አፉን ወደ ቦይ አዙሩት። ይህ ሳይስተካከል ድንጋይ ማንጠፍ ብር ማባከን ነው።

ቀጥሎ ችካል ተክላችሁ ሲባጎ ወጥሩ። መንገዱ በአንድ ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ቦዩ ያዘንብል። ውሃ ልክ ከሌለ ውሃ የሞላ ግልጽ ጎማ ይበቃል፤ በሁለቱ ጫፍ ያለው ውሃ ሁሌም እኩል ይቆማል።

ከዚያ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆፍሩ። ጥቁር አፈር ከሆነ በደንብ አውጡት። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ድንጋዩንም ያነሳዋል። በቦታው ገረጋንቲ ሞልታችሁ ውሃ እየረጫችሁ በደረብ በደረብ ጠቅጥቁ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። በላዩ 5 ሳንቲ ሜትር አሸዋ፣ በአሸዋው ላይ ኮብልስቶን። ዳርና ዳሩን በሲሚንቶ በተያዘ ድንጋይ አጥብቁ፤ ክፍተቱን በአሸዋ ሙሉት።

ኮንክሪት ከመረጣችሁ ሊሾ አታድርጉት። ሳይደርቅ በመጥረጊያ አግድም ጫሩት፣ እግር ይይዛል። በውርጭ ወራት ከሞላችሁት ደግሞ ማታ ላስቲክ አልብሳችሁ ገለባ ከምሩበት። ትኩስ ሲሚንቶ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ከሆነ ጥንካሬ አይኖረውም።

መንገዱ እስኪሠራ ጠዋት ጠዋት አሸዋ ወይም የቀዘቀዘ አመድ በትኑ። ሙቅ ውሃ ግን አትድፉ፤ ብርዱ ካልለቀቀ ተመልሶ ይረጋል።