ቱርቦ ቤንዚን መኪና ዳገት ላይ ፒስተን እንዳይሰብር ምን ይደረግ? ለባሕር ዳርና ለአካባቢው አሽከርካሪዎች

ቱርቦ ያለው ዘመናዊ ቤንዚን ሞተር ዙሩ ዝቅ ብሎ ከባድ ጭነት ሲያርፍበት፣ ካንዴላው እሳት ከመስጠቱ በፊት ሲሊንደር ውስጥ ያለው ነዳጅ ቀድሞ ሊቀጣጠል ይችላል። ፒስተኑ ገና ወደ ላይ እየወጣ ሳለ ፍንዳታው ከላይ ይገጥመዋል። አንድ ጊዜ ብቻ ቢደርስ እንኳ ፋሻዎቹ (የፒስተኑ ቀለበቶች) የሚቀመጡበትን የፒስተን ጠርዝ መስበር፣ የካንዴላ ሸክላ መሰንጠቅ፣ ሲከፋም ቤላ (ፒስተኑን ከታች የሚይዘውን ዘንግ) ማጉበጥ ይችላል። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ በእጅ ያለውን ሞተር ማቆየት የግድ ነው።

መጀመሪያ ጉዳዩ እርስዎን ይመለከት እንደሆነ ይለዩ። ቪትዝ ወይም ቱርቦ የሌለው ኮሮላ ከሆነ የሚነዱት አይስጉ። ችግሩ ያለው ቱርቦ ኖሮት ነዳጁን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጭ ሞተር ላይ ነው፤ ቲኤስአይ፣ ቲ-ጂዲአይ፣ ኢኮቡስት የሚል ጽሑፍ ከኋላ ካለ የእርስዎም ከዚሁ ወገን ነው። ጽሑፉ ከሌለ ኮፈኑን ከፍተው ከጭስ መውጫው ጋር የተገጠመ ቱርቦ፣ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ላይ ደግሞ ወፍራም የብረት ቱቦ የሚወጣበት የነዳጅ ፖምፓ መኖሩን ይመልከቱ።

መንስኤው እንዲህ ነው። ነዳጁ ሲረጭ የተወሰነው የሲሊንደሩን ግድግዳ ይመታና ከዘይት ጋር ይቀላቀላል። ድብልቁ ከላይኛው ፋሻ በላይ ባለው ጠባብ ክፍተት ይጠራቀማል፤ ከዚያ ጠብታው ተፈናጥሮ ሲወጣ ያለ ካንዴላ ይቀጣጠላል። የተላጠ ካርቦንም እንዲሁ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። የተለመደው የሞተር መንኳኳት ካንዴላው እሳት ከሰጠ በኋላ ስለሚመጣ ኮምፒውተሩ እሳቱን አዘግይቶ ያስታግሰዋል፤ ይሄኛው ግን ከእሳቱ ስለሚቀድም ማዘግየቱ አያድነውም። ለዚህ ነው መከላከሉ በዘይትና በአነዳድ ላይ የሚወድቀው።

«ባሕር ዳር ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፣ ሞተሩ አይጨናነቅም» የሚል አስተያየት ይሰማል። ከተማዋ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ይህ እውነት ነው። ቱርቦው ግን የጎደለውን አየር የበለጠ እየገፋ ስለሚሞላው ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ቆላ ካለው መኪና ብዙም አያንስም። በከፍታው አይመኩ።

ዘይት ላይ አይቆጥቡ። ከጣሳው ጀርባ ባለው ክብ ምልክት ውስጥ «ኤፒአይ ኤስፒ» (API SP) የሚለውን የጥራት ደረጃ ይፈልጉ፤ ደረጃው በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን ይህንኑ ችግር በሞተር ላይ የሚፈትሽ ምርመራ አለው። ከ2018ቱ (እ.ኤ.አ.) «ኤስኤን ፕላስ» ወዲህ ያለው ሁሉ ይሆናል፤ አዲሱ «ኤስኪው»ም እንዲሁ። ተራው «ኤስኤን» ወይም «ኤስኤል» ግን አይበቃም። በየሱቁ የሚገኘውን 15-40 የናፍጣ ዘይት ቤንዚን ቱርቦ ውስጥ መጨመር ትልቅ ስህተት ነው፤ በዘይት ማጽጃ ቅመም ውስጥ ያለው ካልሲየም ሲበዛ ቀድሞ መቀጣጠሉን ያባብሳል፣ የናፍጣ ዘይት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ካልሲየም የበዛበት ነው። አዳዲሶቹ ዘይቶች ከፊሉን በማግኒዚየም ተክተውታል። ውፍረቱን መካኒክ በግምት አይወስን፣ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ 0-20 ወይም 5-30 ካለ እሱኑ ይጨምሩ። ክዳኑ ላይ ያለው ማሸጊያ የተነካካ ጣሳ አይግዙ።

መጽሐፉ 10,000 ኪሎ ሜትር ቢልም እዚህ በ5,000 መቀየሩን እንመክራለን። ከፓፒረስ እስከ ጊዮርጊስ ያለ አጭር ጉዞ ዘይቱን በቅጡ ሳያሞቀው ስለሚያልቅ የገባው ቤንዚን ተንኖ አይወጣም። በየሁለት ሳምንቱ መኪናውን ሜዳ ላይ አቁመው፣ ካጠፉ ከ10 ደቂቃ በኋላ የዘይት መለኪያ ዘንጉን አውጥተው ያሽቱት። ዘይቱ ሳይጨመርበት ከላይኛው ምልክት ካለፈና ቤንዚን ቤንዚን ካለ፣ 5,000 ኪሎ ሜትር እስኪሞላ ሳይጠብቁ ይቀይሩት።

አነዳድ ላይ አደገኛው ክልል ከ1,200 እስከ 2,500 ዙር ያለው ነው፤ እዚያ ላይ ነዳጁን እስከ መጨረሻው መርገጥ ጉዳት ይጠራል። ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ ከአባይ ድልድይ ወደ ጎሃ ጽዮን የሚያስወጣው ዳገት ዋናው ፈተና ነው። ማኑዋል ከሆነ መኪናው ከመድከሙ በፊት ማርሽ ቀንሰው ዙሩን ከ2,500 በላይ ያቆዩት። አውቶማቲክ ከሆነ «ኢኮ»ን ያጥፉ፣ ከፍተኛ ማርሽ ቶሎ ቶሎ እየሰጠ ዙሩን ስለሚያወርድ፤ ክሩዝ ኮንትሮልም አይጠቀሙ። «ኤስ» ወይም «ኤም» ላይ አድርገው በ3ኛ ይውጡ። ሞተሩ ሲጮህ ብዙዎች የተጎዳ ይመስላቸዋል፤ የሚጎዳው ግን ዝም ብሎ እየተንቀጠቀጠ ሲጎትት ነው። ከአዘዞ ወደ ጎንደር ሲወጡም፣ ከተማ ውስጥ ባጃጅ አልፈው ድንገት ሲረግጡም ነገሩ ያው ነው።

በጀሪካን የሚሸጥ ቤንዚን ነጭ ጋዝ ሊቀላቀልበት ይችላል። ነጭ ጋዝ ኦክቴኑን (ቤንዚኑ በራሱ እንዳይቀጣጠል ያለውን አቅም) ያወርዳል፣ በቀላሉ ስለማይተን ዘይቱንም ያቀጥናል። ማደያ ጠፍቶ ከተቸገሩ ጥቂት ብቻ ቀድተው፣ ያለ ጭነትና ያለ ዳገት ይንዱ።

ዳገት ላይ በመዶሻ እንደተመታ ያለ አንድ ኃይለኛ ድምፅ ከሰሙ ወዲያው እግርዎን ከነዳጁ ያንሱ። ቼክ ኢንጅን ከበራና ስካነሩ ከፒ0301 እስከ ፒ0304 ካሉት (አንድ ሲሊንደር በትክክል አለመቀጣጠሉን የሚያሳዩ ኮዶች) አንዱን ካሳየ፣ ካንዴላ ቀይሮ መሄድ አይበቃም፤ ኮምፕሬሽን (በየሲሊንደሩ የሚጨመቀውን አየር ግፊት) ያስለኩ። ሞተሩ ሞቆ፣ ካንዴላዎቹ በሙሉ ወጥተው፣ የነዳጁም የእሳቱም መስመር ተቋርጦ፣ ነዳጅ መስጫው ሙሉ በሙሉ ተረግጦ፣ መለኪያው መጨመሩን እስኪያቆም በሞተሪኖ ይዙር። እዚህ ላይ ከፍታው ራሱ ያሳስታል፦ መጽሐፉ 180 ፒኤስአይ የሚለው ሞተር ጤነኛ ሆኖ ባሕር ዳር ላይ ወደ 145 ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ ሲሊንደሮቹን እርስ በርስ ያወዳድሩ፤ አንዱ ከሌሎቹ በሩብ ካነሰ ጉዳት አለ።

የቀነሰው ሲሊንደር ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምሮ ሲለካ ንባቡ ከፍ ካለ ጥፋቱ ወደ ፋሻው ያመለክታል፣ ካልጨመረ ወደ ቫልቭ። የተሰበረ ፒስተን ግን በዘይትም ላይሻሻል ስለሚችል፣ ቴስታታው ከመነሣቱ በፊት በካንዴላው ቀዳዳ ካሜራ አስገብተው ያስዩ። ሞተሩ ከተከፈተም የተሰበረውን ፒስተን ብቻ ለውጦ መግጠም የለም፤ የዚያ ሲሊንደር ቤላ ቀጥ ማለቱ መለካት አለበት። በዓይን የማይታይ ጉብጠት አዲሱን ፒስተን ግድግዳው ላይ እያሻሸ ይበላዋል።