ቀለሙ በሚለዋወጥ ክር በሠራሁት ሻርፕ ላይ የጠፋውን ጥለት እንዴት መለስሁት

የአበባ ጥለት ያለው የሱፍ ሻርፕ እየሠራሁ ነበር። የአበባው ክር ከወይን ጠጅ ወደ ሰማያዊ፣ ከዚያም ወደ አረንጓዴና ቢጫ ቀስ በቀስ ይለወጣል። የመደቡ ክር ደግሞ ከነጭ ተነሥቶ እየጠቆረ የሚሄድ ግራጫ ነው። መጀመሪያ ላይ አበባው ቁልጭ ብሎ ወጣ፤ ወደ መሐል ሲጠጋ ግን ደብዛው ጠፋ።

ምክንያቱን ያሳየኝ ስልኬ ነው። ሥራውን በጥቁርና ነጭ ፎቶ ሳነሣው አረንጓዴውና ግራጫው አንድ ሆነው ታዩ። ዓይን ጥለትን የሚለየው በዋናነት በጥቁረትና በንጣት ልዩነት ስለሆነ፣ ሁለት ተለዋዋጭ ክሮች መንገድ ላይ እኩል ከሆኑ ጥለቱ መሟሟቱ አይቀርም።

ጥለቱ እስከ ደበዘዘበት ረድፍ ፈታሁና መደቡን ባልተነከረ ነጭ ሱፍ ቀጠልሁ። ቢጫው በነጭ ላይ ስለማይታይ ያንን ክፍል ከልቃቂቱ ቆርጬ አወጣሁት። የተቆረጡትን ጫፎች በጥቂቱ አላልቼ፣ አደራርቤና በውኃ አርጥቤ በመዳፎቼ መካከል እስኪሞቁ አሸኋቸው፤ ተጣብቀው አንድ ክር ሆኑ። ይህ በንጹሕ ሱፍ እንጂ በሰው ሠራሽ ክር አይሆንም፤ በማሽን እንዲታጠብ የታከመ ሱፍም እምቢ ይላል።

ሌላው ቁም ነገር የክሮቹ አያያዝ ነው። በሥራው ጀርባ የአበባው ክር ሁልጊዜ ከመደቡ ክር በታች ሲያልፍ ዓይኖቹ፣ ማለትም በእሱ የሚሠሩት የሹራብ ቀለበቶች፣ ትንሽ ሰፋ ስለሚሉ አበባው ጎልቶ ይወጣል። አሁን ሰማያዊው አልፎ አረንጓዴው ሲጀምር እንኳ እያንዳንዱ ቅጠል ለብቻው ይታያል።